ራሷን ሆና የመራችው የቡና ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፦ ከጅማ ዞን አንድ ጉዳይ

ከጅማ ከተማ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ አጋሮ ትደርሳላችሁ። ዙሪያዋ ጎማ ወረዳ ነው፤ የቡና አገር። እዚያ ወረዳ ውስጥ ያለ የአንድ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጉዳይ ነው ዛሬ የማወጋችሁ። የማኅበሩን ስም አልጠቅስም። የሥራ አስኪያጇንም ስም አልጠቅስም። ታሪኩን የምጽፈው ግን በፈቃዷ ነው።

ባጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ፊት አንድ ጥያቄ ተጠየቀች። ሁሉም ሊሰማው የሚፈልገው መልስ ነበር። እሷ እውነቱን መለሰች። በዚያ ሳምንት ከሥራ ልትባረር ለጥቂት ተረፈች። ቆይቶ ግን ያው መልስ የትምህርት ማስረጃዋ ያልከፈተላትን በር ከፈተላት። እኔን የሳበኝ በመሃል የሆነው ነው። «ራስህን ሁን» የሚለውን ምክር በየሥልጠናው እንሰማዋለን። ምን እንደሚያስከፍል፣ ትርፉ መቼ እንደሚመጣ፣ እንዴት ሲደረግ እንደሚያዋጣ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረንም።

መጀመሪያ ስለ ቡናው ትንሽ ልበል፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በውጭ ገበያ የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚባለው ደረጃ ነበር። መሬት ላይ የተሰጣ፣ የበሰለው ካልበሰለው የተቀላቀለ፣ በርካሽ የሚሸጥ ቡና። ዛፉ ምንም አልጎደለውም፤ ችግሩ አያያዙ ነበር። ማስረጃው እዚያው አጋሮ አካባቢ አለ። ዱሮሚና የተባለው የገበሬዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ተቋቋመ። የቡና ማጠቢያ ተከለ፤ ቀይ እሸት (የበሰለ ትኩስ የቡና ፍሬ) እየለየ መቀበል ጀመረ። በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። መሬቱ ያው፣ ገበሬው ያው። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ የጅማ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬም አምናለሁ።

ቀይ እሸት ለይቶ ማቅረብ ግን ለገበሬው ልፋት ነው። አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለሱ መልቀም ይጠይቃል። አረንጓዴውንም ቀዩንም አንዴ አራግፎ ለሰብሳቢ ነጋዴ መሸጥ ይቀላል። ሰብሳቢው መንገድ ዳር ይጠብቃል፤ እጅ በእጅ ይከፍላል። ማኅበሩ በበኩሉ የቀኑን ዋጋ ይከፍልና ቡናው በዩኒየኑ (ማኅበራቱ በጋራ ባቋቋሙት ኅብረት) በኩል ውጭ ከተሸጠ በኋላ ለመጠባበቂያ የሚቀነሰው ተቀንሶ ሁለተኛ ክፍያ ይሰጣል። እንግዲህ ለማኅበሩ ያስረከበ ገበሬ የድካሙን ከፊል ዋጋ በአመኔታ ትቶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። አመኔታ ከሌለ እሸት አይመጣም። እሸት ካልመጣ የማጠቢያው ማሽን ቆሞ ይውላል። በዚህ ሥራ የሥራ አስኪያጅ ቃል ከማሽኑ እኩል መሣሪያ ነው።

ሴትዮዋ የጅማ ልጅ ናት፤ ሄርማታ ነው ያደገችው። እናቷ በቡና መጋዘን ለቃሚ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ይለቅማሉ። ልጃቸውን ያስተማሩት በዚያ ገንዘብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ አካውንቲንግ ተማረች። ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ጥቂት ዓመት ሠራች። ማኅበሩ የሥራ አስኪያጅ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳደረችና አለፈች።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ከተሜ ናት። የኮሚቴው አባላት ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ አብዛኞቹ አባቷ ይሆናሉ። እንዳይንቋት ፈራች። መላ ብላ የያዘችው የባንኩን አለቃዋን መምሰል ነበር። ቢሮ ዘግቶ መቀመጥ፣ በደብዳቤ መነጋገር፣ ለሁሉም ጥያቄ «እናየዋለን» ማለት። ኦሮምኛ ትችላለች፤ ግን ሰፈርና ገበያ ውስጥ የለመደችው ነው። ስብሰባ ላይ እንዳያሳፍራት ባማርኛ ትናገርና ሒሳብ ሹሙ ያስተረጉምላት ነበር። የእናቷን ሥራ ሲጠይቋት «ነጋዴ ናቸው» ትላለች።

«ከመኪና ስወርድ መጀመሪያ ፊቴን ነበር የማስተካክለው» ብላኛለች።

ገበሬው ግራ ገባው። የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም። ምን እንደምታስብ አያውቅም። ሲቆጣት አትቆጣም፣ ሲያመሰግናት አትስቅም። የለቀማው ወቅት ሊያልቅ ሲል ወደ ማጠቢያው የሚመጣው እሸት እየሳሳ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ያን ዓመት ሁሉ በከንቱ አላለፈም። ሒሳቡን ከሥር ከመሠረቱ አስተካክላለች። እያንዳንዱ ኪሎ በደረሰኝ፣ እያንዳንዱ ብር በመዝገብ። ይህ በኋላ አንገቷን አድኗታል።

አሁን ወደ ስብሰባው። ለቀማው አልቋል፤ ረመዳን እየቀረበ ነው። ጉባኤው የተጠራው ማጠቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከማድረቂያ አልጋዎቹ አጠገብ ነው። ሊቀመንበሩ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ሐጂ» ነው የሚላቸው። ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። ከዋዜማው ጀምሮ ሐሳባቸው አንድ ነበር፦ ሁለተኛው ክፍያ ከረመዳን በፊት ይገባል ብሎ አባላቱን ማረጋጋት። እሷ ደግሞ ቡናው ገና አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። ገዢ ናሙና ቀምሷል፤ ውል አልፈረመም። ማታውን ነግራቸዋለች። «የምለውን አውቃለሁ ልጄ» አሏት።

በማግስቱ ሐጂ ተነሥተው ያሉትን አሉ። ሰው ደስ አለው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ሐጂ ብለዋል፤ ሰምተናል። ደብተሩ ያለው ልጅቱ ዘንድ ነው። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሒሳብ ሹሙ ሊያስተረጉም ጎንበስ አለ። እሷ ቀድማ ተነሣች። በራሷ ኦሮምኛ ተናገረች። ቡናው አልተሸጠም አለች። ውል አልተፈረመም፣ ከረመዳን በፊት ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባም አለች። የተፈረመ ቀን እዚሁ መጥታ እንደምትነግራቸው፣ እስኪፈረም ድረስም በየአሥራ አምስት ቀኑ መጥታ «አልተፈረመም» እንደምትል ተናገረች። መሃል ላይ አንድ ቃል ተሳሳተች። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ሳቁና አረሟት። ደግማ በትክክል አለችውና ቀጠለች።

ማንም አላጨበጨበም። «ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?» ብሎ የጮኸ ነበር። ጋቢውን አራግፎ የወጣም ነበር። ሐጂ ወደ መሬት አቀርቅረው ቀሩ።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አጀንዳው ስንብቷ ነው። «ሊቀመንበሩን በሕዝብ ፊት አዋርዳለች» የሚል ክስ ቀረበ። ይህን ክስ እንደ ተራ ምቀኝነት ማየት ስህተት ነው። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ባለፈው ዓመት ሰብሳቢዎች ስንት አባል እንደወሰዱባቸው ያውቃሉ። ማኅበሩ እንዳይበተን ብለው ነው ያን ተስፋ የሰጡት። በዚያ ላይ እኛ አገር የትልቅ ሰው ክብር ቀልድ አይደለም። ልጅ የሆነች ሠራተኛ በአደባባይ ስታስተባብላቸው ያመማቸው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ነገ ገበያ መሃል እንዴት እንደሚሄዱም ነው።

ጓደኞቿ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «ልክ ነሽ፣ ምንም ይቅርታ እንዳትይ፣ ካልፈለጉሽ ጥለሽ ውጪ» አሏት። ግማሾቹ «እንጀራሽ ነው፤ ተሳስቼ ነው በይና ተመለሺ» አሏት። ሁለቱንም አላደረገችም። ሽማግሌ ላከች፤ እሷም ሐጂ ቤት ሄደች። ብቻዋን አልሄደችም። እናቷን ይዛ ሄደች።

ቡና ተፈላ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አድርገው አመጡት። እናትየው ዝም ብለው ሰምተው በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ሐጂ፣ ልጄ ባፏ ካስቀየመችዎት ይቅር ይበሏት። ሒሳብ አሳስታ ከሆነ ግን እኔም አልምራትም።»

ሐጂ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሠሩ ጠየቋቸው። «ለቃሚ ነበርኩ። ጅማ መጋዘን ውስጥ ነው ያረጀሁት» አሉ።

ልጅቷ ያን ጊዜ ይቅርታዋን ጠየቀች። ይቅርታዋ ምን ላይ እንደነበር ልብ በሉ። ስለ ቡናው የተናገረችውን አልመለሰችም። ይቅርታ የጠየቀችው ማታውን ካልተስማሙ ስብሰባው እንዲዘገይ አጥብቃ ባለመጠየቋ ነው። ነገሩ ወደ አደባባይ እንዲወጣ ያደረገው ያ ነው ብላ አመነች። ሐጂ «ውሸታም አደረግሽኝ» አሏት። «ሐጂ፣ ረመዳን ገብቶ ገንዘቡ ሲቀር ነበር ውሸታም የሚሉዎት። እኔ ያን ቀን ፈርቼልዎት ነው» አለቻቸው።

ወዲያው አልታረቁም። ነገሩ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለቀ፤ ደብዳቤው ዛሬም ፋይሏ ውስጥ አለ። ኮሚቴው እንዳያባርራት የያዘው አንዱ ነገር መዝገቧ ነበር። የሚከሷት ሰዎች አገላብጠው አገላብጠው እንከን አጡበት። ይህን ደጋግሜ የማነሣው ለወጣት አንባቢዎች ስል ነው። በአደባባይ እውነት ለመናገር የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ መዝገባችሁን አጥሩ። ንጹሕ ደብተር የሌለው ሰው እውነት ሲናገር የሰው ጆሮ ወደ ደብተሩ ይሄዳል።

የአመራር ተመራማሪዎች ራስን ሆኖ መምራትን በአራት ነገር ይለኩታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዋሉምብዋ የተባሉ ምሁርና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት መለኪያ ነው። ራስን ማወቅ አንዱ ነው። በግንኙነት ግልጽ መሆን ሁለተኛው። ከውሳኔ በፊት የሚቃወምን ሐሳብ ጭምር ሚዛናዊ ሆኖ ማየት ሦስተኛው። አራተኛው ከራስ በመነጨ የሥነ ምግባር መርህ መመራት። እኛ ዘንድ ብዙ የሚወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ግልጽ መሆን፣ ፊት ለፊት መናገር። ሐጂ ቤት ያዳናት ግን ሦስተኛው ይመስለኛል። ተቀናቃኟ የሚያመው የት ላይ እንደሆነ ቁጭ ብላ አስባለች። ያን ባታስብ ኖሮ እውነቷ ልክ ሆኖ ሳለ ሥራዋን ታጣ ነበር።

ኤርሚኒያ ኢባራ የተባሉ የአመራር ምሁር ደግሞ ወደ አዲስ ኃላፊነት የሚሸጋገር ሰው «እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ ከደረቀ እንደማያድግ ያስጠነቅቃሉ። ሌሎችን እየተመለከተ፣ እየሞከረ መማር አለበት ይላሉ። የመጀመሪያ ዓመቷን ሳስብ ይህ ትክክል ይመስለኛል። ከባንኩ አለቃ የወሰደችው የመዝገብ ጥንቃቄ የራሷ ሆኖ ቀርቷል። የጣለችው ዝግ ቢሮውንና «እናየዋለን»ን ነው።

ክፍያው እንዳለችው ከረመዳን በፊት አልመጣም። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄደች «አልተፈረመም» ትላለች። መጀመሪያ ግቢው ሞልቶ ይሰማት ነበር። እያደር ሰው ሰለቸው። አንድ ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ መጡ። ለእነሱም ቆማ ነገረቻቸው። ውሉ የተፈረመ ዕለት ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ። ለማጣራት ሰው ወደ ማጠቢያው ሲጎርፍ ዋለ። «እሷ ካለች ነው» ይሉ ነበር። ይህችን «እሷ ካለች» የምትል ቃል በብር አትገዟትም።

በሁለተኛው የለቀማ ወቅት አሠራሩን ቀየረች። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቆመች። የዕለቱ የእሸት ዋጋ፣ የገባው ኪሎ ይጻፍበታል። ከሥሩ ደግሞ ሰብሳቢዎች በዚያ ቀን የሚከፍሉት ዋጋ። ይህን ሲያዩ ኮሚቴዎቹ ጮኹ። የተፎካካሪን ዋጋ በራስ በር ላይ የሚለጥፍ ማን አለ? «ገበሬው ከእኔ በፊት ያውቀዋል። እኔ የማላውቅ መስዬ ለምን ልታይ?» አለቻቸው። ሰብሳቢዎቹ በልጠው በሚከፍሉበት ቀን እሸት ይቀንሳል። ይህን ተቀበለች። የሚዛኑን ፊት ወደ ገበሬው አዞረችው። በአስተርጓሚ መናገር ተወች።

እናቷም ጥቂት ቀን መጥተው ማድረቂያ አልጋ ላይ ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ተቀመጡ። እናትየው ይለቅማሉ ስላችሁ ዝም ብሎ መልቀም እንዳይመስላችሁ። መዳፋቸውን ከፍሬው ላይ አያነሡም። ጣታቸው የተሰበረውን ሳያዩት ያገኘዋል፤ አውራ ጣት ገፋ፣ ሌባ ጣት ሳበ፣ አለቀ። ሴቶቹ ሥራ አቁመው አዩዋቸው። ያኔ «እናቴ ናቸው» አለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ማንም ሰው የቤቱን ነገር ለመሥሪያ ቤቱ የመናገር ግዴታ የለበትም። መደበቋን እንደ ጥፋት አላየውም። ግን የለቃሚዎቹ ችግር ምን እንደሆነ ከልጅነቷ ታውቅ ነበር። ያን እውቀት እየደበቀች ሥራ ላይ ልታውለው አትችልም ነበር። ከተናገረች በኋላ ለቃሚዎቹ ስለ መቀመጫው፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ቀን ሒሳባቸው ቀጥታ ለእሷ ይነግሯት ጀመር።

ከዚያ የሐሙሱ ቡና መጣ። የታጠበ ቡና ከተፈለፈለ በኋላ ገንዳ ውስጥ ይብላላል። ለጅማ አካባቢ አየር ብዙ ጊዜ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። አንድ ሐሙስ የገባ እሸት በበዓል ምክንያት ሠራተኛ ጠፍቶ ከሰዓቱ እጅግ አለፈ። ሲደርሱ ገንዳው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ታጥቦ ቢደርቅ ዓይን አይለየውም። ከጥሩው ጋር ቢቀላቀል ሊያልፍ ይችላል፤ ላያልፍም ይችላል። የውጭ ቀማሽ ካገኘው ግን አብሮ የተላከው ቡና በሙሉ ይጠረጠራል። በዚያ ላይ 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ይሄዳል። ያ ገንዳ የስንት ቤተሰብ ልፋት እንደሆነ አስቡት።

ለብቻ እንዲደርቅ አደረገች። ምልክት አሰረችበት። ናሙና ሳይወጣ በፊት ለዩኒየኑ ጻፈች። ሰሌዳው ላይም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የሐሙስ ቡና ገንዳ ውስጥ ተበላሽቷል። ጥፋቱ የማጠቢያው ነው፤ የገበሬው አይደለም።» ቡናው በዝቅተኛ ዋጋ አገር ውስጥ ተሸጠ። አባላቱ በእርግጥ ከስረዋል። በስብሰባ ወቅሰዋታል፤ ይገባቸዋልም። ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ቆመው የተከላከሉላት ሐጂ ነበሩ። «ባትነግረን ኖሮ በምን እናውቅ ነበር?» አሉ።

የቀረውን ቡና የገዛው ድርጅት በሚቀጥለው ዓመት ለቀማው ሳይጀመር ሊነጋገር መጣ። ቶሎ መዋዋል ማለት ለአባላቱ ሁለተኛው ክፍያ ቶሎ መጣ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በእሷ ግልጽነት ብቻ የመጣ ነው ብል ማጋነን ይሆናል። ያን ዓመት የቡና ዋጋም ጥሩ ነበር። ግን ዩኒየኑ ለገዢው ሲናገር የእሷን ማኅበር ናሙና «ያሉት ነው»፣ ማለትም እንደተባለው ይገኛል ብሎ ነበር የሚያቀርበው። ይህ በቡና ንግድ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው።

ያጣችውንም ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው ስብሰባ በኋላ ወደ ሰብሳቢ ሄደው ያልተመለሱ አባላት አሉ። አንድ የኮሚቴ አባል እስከ መጨረሻው ሰላምታ ነፍጓታል። ጥሩ ደመወዝ ያለው አንድ የግል ላኪ ለሥራ ጠርቷት ነበር፤ የሐሙሱን ቡና ታሪክ ሲሰማ «እንዲህ ያለ አፍ እኛ ጋ አይሆንም» ብሎ መለሳት። ይህ በጊዜው አስለቅሷታል። ሰው ራሱን ሲሆን ሁሉም በር ይከፈትለታል የሚል ካለ አልሰማውም። አንዳንዱ በር ይዘጋል። የተዘጋው የቱ እንደሆነ ማየት ነው እንጂ። እኔ በበኩሌ ያ በር ስለተዘጋላት ደስ ብሎኛል።

ሌላም አለ። ይህ መንገድ በየትኛውም ቦታ ይሠራል አልልም። ማኅበር ውስጥ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። አባላቱ ቃልን ከሚዛንና ከክፍያ ጋር እያስተያዩ በየጊዜው መፈተን ይችላሉ። ሽማግሌ አለ። አለቃ ብቻውን በሚወስንበት ቢሮ ውስጥ ያው መልስ ያንኑ ዕለት ያስባርር ነበር። ግልጽነት የሚከፍለው ሰው ቃሉንና ሥራውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት በሚችልበት ቦታ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ዩኒየኑ የአባል ማኅበራትን ጥራትና ሒሳብ የሚከታተል ኃላፊ ፈለገ። እሷም አመለከተች። ከጠያቂዎቹ አንዱ ሐጂን ደውሎ ስለ እሷ ጠየቃቸው። «ፊት ለፊት አስቀይማኛለች። ከኋላዬ ግን አንድ ቀን አምታኝ አታውቅም» አሉት። ሥራውን አገኘች።

በእሷ ቦታ የተተካው ሥራ አስኪያጅ የሰብሳቢዎችን ዋጋ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አቁሟል። ገበያ ያበላሻል የሚል የራሱ ምክንያት አለው፤ ሰነፍ ሰውም አይደለም። ሐጂ ደጋግመው ደውለው «ንገሪው እንጂ» ብለዋታል። አልነገረችውም። እሷም የመጀመሪያ ዓመቷን የሌላ ሰው አሠራር ለብሳ ነው ያሳለፈችው፤ ልጁ የሚያምንበትን ራሱ ይሞክረው ትላለች። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሰሌዳው የአባላቱ መብት ነው ባይ ነኝ፤ ነግሬያታለሁም። አባላቱ ለሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ አስይዘውታል።